የእማማ አሪየት ጉድጓድና ሁለቱ ዲግሪዎቼ

አንድ ሰው ባንድ ጊዜ ሁለት ዲግሪ እንዳይማር የሚከለክል ሕግ የለም። ሕግ ስማር ፈልጌ አጥቼዋለሁ። መከልከል እንደነበረበት የገባኝ ጤና ስማር ነው፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ላይ የሚታዩ ምልክቶች የተዘረዘሩበትን ምዕራፍ ሳነብ፣ ያልያዘኝ ክብደት መጨመር ብቻ ነበር።

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ የአካባቢ ጤና ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ በቀላል አማርኛ ሲነገር የሰው ጓዳና የሰው ሽንት ቤት ማየት ነው። ስገባ ደስ ያለው ባለቤት እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። አንድ ቀን አንድ ምግብ ቤት ገብቼ ድስት ከፈትኩና “ይሄ ቤት ለጊዜው መዘጋት አለበት” አልኩ።

“በየትኛው አንቀጽ?” አለኝ ባለቤቱ።

አንቀጽ አልነበረኝም። የነበረኝ ከድስቱ ያወጣሁት በረሮ ነው። እሱን አሳየሁት።

“ይሄ አንቀጽ አይደለም” አለኝ። እውነቱን ነው፤ አንቀጽ እንዲህ አይሮጥም።

በዚያው ሳምንት በንዴት ሕግ ለመማር ተመዘገብኩ፤ ከሥራ በኋላ፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ። ብዙ ሳልቆይ መሥሪያ ቤቴ ጠራኝና ለዓመታት ስጠይቀው የኖርኩት የሕብረተሰብ ጤና የማስተርስ ዕድል እንደደረሰኝ ነገረኝ። እሱ ደግሞ ቅዳሜና እሁድ ነው። አንዱን ልተው ብል ሁለቱም አላስችል አሉኝ።

ባለቤቴ ትዕግሥት ነገሩን በጥሞና ሰምታ፣ “ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም” አለች።

ሕግ ከጀመርኩ አሥራ አምስት ቀን ሆኖኛል። “ተረት በማስረጃነት አይቀርብም” አልኳት።

“እንግዲያው ራትም አይቀርብም” አለች። አልቀረበም።

ችግሩ የተጀመረው “ኬዝ” በምትባል ቃል ነው። በጤናው ኬዝ ማለት የታመመ ሰው ነው፤ በሕጉ ኬዝ ማለት የተካሰሱበት ጉዳይ ነው። የሚመሳሰሉት ሁለቱም ቶሎ ባለመዳናቸው ነው። በጤናው ፈተና “ኬዝ ሲገኝ ምን ይደረጋል?” ተብዬ፣ “ማስረጃው በቂ ካልሆነ በነጻ ይሰናበታል” ብዬ ጻፍኩ። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ “ኮሌራ የያዘውን ሰው ነው የምታሰናብተው?” ብለው መለሱልኝ። በሚቀጥለው ሳምንት በሕጉ ፈተና፣ ሦስት ሰዎች አንዱን በግ ሲሰርቅ አየነው ብለው ቢመሰክሩ ዳኛው ምን ያድርግ ለሚለው፣ “ናሙናው አነስተኛ ስለሆነ ከሌላ ቀበሌ ተጨማሪ ምስክሮች በዕጣ ይመረጡ” አልኩ። እኚህኛው መምህር ምንም አልጻፉም። ወረቀቱን ሲሰጡኝ ብቻ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ሰፈሩም አላገዘኝም። አንዱ የድንበር ክርክሩን ሊያማክረኝ ሲመጣ የደም ግፊቱን ለካሁት፤ ሌላዋ የልጇን ሳል ስትነግረኝ “ሲስል ያየ ሌላ ሰው አለ?” ብዬ ጠየቅኋት። እስከዚህ ድረስ ግን የተጎዳ ሰው የለም። ጉዳቱ የመጣው ከእማማ አሪየት ጉድጓድ ነው።

እማማ አሪየት አኙዋ ናቸው፣ የአጥር ጎረቤቴ። ግቢያቸው መሐል ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ የቆፈሩት የውኃ ጉድጓድ አለ። በሰፈራችን የቧንቧ ውኃ እንደ ሩቅ ዘመድ ነው፤ ሲመጣ አይናገር፣ ሲሄድ አይሰናበት። ስለዚህ ሰፈሩ በሙሉ ጀሪካኑን ይዞ የሚሄደው እሳቸው ዘንድ ነው። ከልክለው አያውቁም። እኔም ቤቴን እዚያ ከሠራሁ ጀምሮ የምጠጣው እሱን ነው።

በክረምቱ መግቢያ ላይ የማስተርሱ መምህር “እያንዳንዳችሁ አንድ የጤና ችግር ለይታችሁ፣ አጥንታችሁ፣ ሪፖርት ጽፋችሁ አምጡ” አሉ። የክፍል ጓደኞቼ ኢታንግና ጎግ ወረዳዎች ድረስ ወረዱ። እኔ በማግስቱ የሕግ ፈተና ስለነበረብኝ የወረድኩት እስከ እማማ አሪየት ጉድጓድ ነው። ውኃውን ቀድቼ ላብራቶሪ ሰጠሁ። ውጤቱ መጣ፤ ከሰው ዐይነ ምድር የሚመጣ ባክቴሪያ ተገኝቶበታል።

ምንጩን ፍለጋ ተነሣሁ። ከግቢያቸው በስተምሥራቅ፣ ባለሱቁ ጋሽ ሰይድ ለተከራዮቻቸው ያሠሩት አዲስ ሽንት ቤት አለ። ከጉድጓዱ እስከ እሱ በእርምጃ ለካሁ። መጽሐፉ በጉድጓድና በሽንት ቤት መካከል ቢያንስ ሠላሳ ሜትር ይኑር ይላል፤ ይሄ አይሞላም። በቃ፣ ተገኘ! መብራት ጠፍቶ ስለነበር ሪፖርቱን በእጄ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። በሕጉ ትምህርት ለባለጉዳይ ግልባጭ ይሰጣል ስለተባልኩ ደግሞ አንዱን ለእማማ አሪየት ወስጄ አነበብኩላቸው።

እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

“ሰው በኔ ውኃ ይታመማል?” አሉ።

“ሊታመም ይችላል፣ እማማ።”

“ይችላል? ወይስ ታሟል?”

“ያ ሌላ ጥናት ይፈልጋል።”

ገብተው ቁልፍ ይዘው ወጡ። የጉድጓዱን ብረት ክዳን ገጥመው ቆለፉና ቁልፉን አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉ። “እኔ ሰው አልመርዝም” አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሰፈሩ ሴቶች ባሮ ወንዝ ወረዱ። ባሮ በክረምት ምን እንደሚመስል ለሚያውቅ ሰው ከዚህ በላይ መናገር አያስፈልገኝም፤ ለማያውቅ፣ ወተት የበዛበት ሻይ ያስብ። ከሦስት ቀን በኋላ እማማ አሪየት ሪፖርቴን ይዘው ጋሽ ሰይድን በቀበሌው ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ከሰሱ።

ጋሽ ሰይድ አርብ ከጁምዓ በኋላ ቤቴ መጡ። በሰፈራ ጊዜ ከወሎ ወጣት ሆነው የመጡ ሰው ናቸው፤ ከአባቴ ጋር አብረው ነው የመጡት። አባቴ ሰፈራው ጣቢያ፣ አቦቦ፣ በወባ ወድቆ፣ መንገዱ በጎርፍ ተዘግቶ ሳለ፣ የጭነት መኪና ለምነው፣ በጭቃው እየገፉ ሆስፒታል ያደረሱት እሳቸው ናቸው። አባቴ ይህን በሳምንት አንድ ጊዜ ያስታውሰኛል።

“ልጄ፣ ሕግ ተማርክ ሲሉ ሰማሁ።”

“እየተማርኩ ነው፣ ጋሽ ሰይድ።”

“እሱ ይበቃናል። ሰው ከሶኛል፣ መልስ ጻፍልኝ።” መጥሪያውንና የተያያዘበትን ወረቀት ዘረጉልኝ። የኔው ሪፖርት ነው። “እኔ እንደሆን ዓይኔ ፊደል ማየት ከተወ ቆይቷል። አንድ ጤና ነኝ ባይ ነው አሉ የጻፈው። ማንም ይሁን ማን፣ ወላሂ ይሄ ሰው አይወደኝም።”

እዚህ ላይ “እኔ ነኝ” ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ናት። ሳል ያዘኝ። ስስል፣ ስስል ቆየሁና ሳሉ ሲለቀኝ የወጣው ቃል “አይዞዎት” ሆኖ ተገኘ። ምክንያቴን ልደብቃችሁ አልችልም፤ አንደኛው የአባቴ ነገር ነው። ሁለተኛው የሚያሳፍር ነው፤ የሕግ መምህራችን የመከላከያ መልስ ጽፋችሁ ለሰኞ አምጡ ብለውናል፤ እኔም እስከዚያ ሰዓት ተከሳሽ አላገኘሁም ነበር።

ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። አሁንም መብራት የለም፣ አሁንም በእጄ። እንዲህ ይላል፤ “ባለሙያ ነኝ የሚለው ግለሰብ ርቀቱን የለካው በእርምጃ ነው። የግለሰቡ እግር ርዝመት ለፍርድ ቤቱ አልቀረበም። ውኃውን የቀዳው አንድ ቀን ብቻ፣ ያውም ከባድ ዝናብ በዘነበ ማግስት ነው። በስተምሥራቅ ብቻ አይቶ የተመለሰ ሲሆን ሌሎቹን አቅጣጫዎች ያላየበትን ምክንያት አልገለጸም። ይህ ስንፍና ነው ወይስ ተንኮል፣ ለተከበረው ፍርድ ቤት እንተወዋለን።” ይቺን የመጨረሻዋን ስጽፍ ብድግ ብዬ ክፍሉ ውስጥ ተንጎራደድኩ። እንዲህ አምሮልኝ አያውቅም።

ትዕግሥት አነበበችው። “ይሄን ሰውዬ ምን አድርጎህ ነው እንዲህ የምትሰድበው?” አለች።

“የትኛውን?”

“ባለሙያ ነኝ የሚለውን።”

ወረቀቱን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ። ቀና ብላ አየችኝ። “አንተ ነህ?” አለችና በሳቅ ፈነዳች። ከዚያ ሳቋ በአንድ ጊዜ ጠፋ። “እማማ አሪየት ቢሰሙስ?”

“አይሰሙም። እኔ ፍርድ ቤት አልሄድም፤ ጽሑፉ ላይም ስሜ የለም።”

በማግስቱ የምስክርነት መጥሪያ ደረሰኝ። እማማ አሪየት ቆጥረውኛል።

ማኅበራዊ ፍርድ ቤቱ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አዳራሽ ነው፤ ሙቀቱ ጥፋተኛውንም ንጹሑንም እኩል ያልባል። ሰብሳቢው ዳኛ መምህር ጋትሉዋክ ናቸው፣ ጡረታ የወጡ የኑዌር ሰው። ከአቦቦ መጥቼ ስድስተኛ ክፍል ስገባ አማርኛ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ቁመታቸው ከወንበሩ ጋር ስለማይስማማ ጉልበታቸው ከጠረጴዛው በላይ ይታያል። አዳራሹ በሰፈራችን ሴቶች ሞልቷል፤ ባዶ ጀሪካናቸውን ይዘው ነው የመጡት፣ ከችሎቱ ቀጥታ ወደ ባሮ ሊሄዱ።

ሪፖርቴን አነበብኩ። እማማ አሪየት በእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ራሳቸውን ነቀነቁ።

“ተከሳሽ፣ መልስ አለዎት?” አሉ መምህር።

“አለኝ፣ ጽሑፍ ነው” አሉ ጋሽ ሰይድ። ከኪሳቸው አወጡና ዞር ዞር ብለው አዩ። “ዓይኔ አያነብም። ይሄው የተማረ ሰው ቆሟል። ፍርድ ቤቱ ቢፈቅድ እሱ ያንብብልኝ።”

ፍርድ ቤቱ ፈቀደ።

አነበብኩ። “ባለሙያ ነኝ የሚለው ግለሰብ” ስል ድምፄ ቀጠነ። “የግለሰቡ እግር ርዝመት” ላይ ስደርስ ከኋላ አንዲት ሴት እግሬን አይታ ሳቀች። “ስንፍና ነው ወይስ ተንኮል” የሚለውን ለራሴ ያህል ብቻ ላንሾካሹክ ብል መምህር “ድምፅህን ከፍ አድርግ” አሉኝ። ስድስተኛ ክፍልም እንዲሁ ይሉኝ ነበር።

ጨረስኩ። መምህር ጋትሉዋክ ሁለቱንም ወረቀት ተቀብለው ጎን ለጎን አስቀመጡ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

“ይሄን ‘ጸ’ አውቀዋለሁ” አሉ። “አንድ ዓመት ሙሉ እግሩን አስተካክል ብዬህ ያላስተካከልከው ‘ጸ’ ነው። እዚህም አለ፣ እዚያም አለ።”

ሁለቱንም ወረቀት ወደኔ አዞሩ።

“አንተ ሐኪም ነህ ወይስ ጠበቃ?”

“ሁለቱንም እየተማርኩ ነው፣ መምህር።”

“እንግዲያው ሁለታችሁም ቁጭ በሉ” አሉኝ።

የሳቁን ነገር ተዉት። የቆርቆሮው ጣሪያ ጭምር ሳቀ። ከሁሉ ያልሳቁት እማማ አሪየት ብቻ ናቸው። ጎናቸው ያለው ወንበር ባዶ ስለነበር እዚያው ተቀመጥኩ። አላዩኝም። እጃቸው አንገታቸው ላይ ያለውን ቁልፍ ጨብጧል። “ለኔ አንድ ጻፍክ፣ ለሱ አንድ ጻፍክ” አሉ፣ ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። “ውኃዬስ?”

ስለ ውኃው ማንም አላሰበም ነበር። እኔ ስለ ሁለት የቤት ሥራ ነበር የማስበው። ስድስተኛ ክፍል ወድቄ እንኳ እንደዚያ አላፈርኩም።

መምህር ጋትሉዋክ ወረቀት በቃን፣ ቦታውን እንይ አሉ። ፍርድ ቤቱ ተነሣ፣ ሕዝቡም ተከተለ። ጋሽ ሰይድ ከሱቃቸው የአናጢ ሜትር አመጡ። ከጉድጓዱ እስከ እሳቸው ሽንት ቤት ተለካ፤ ሃያ አራት ሜትር። “ከሠላሳ ያንሳል” አሉ መምህር፤ ጋሽ ሰይድም “ሐቅ ነው” ብለው ተቀበሉ። እኔ ትንሽ ተነፈስኩ። ሪፖርቱ ቢያንስ ውሸት አልነበረም።

“የመከላከያው መልስ ግን ሌላው አቅጣጫ አልታየም ይላል” አሉ መምህር። “ጥሩ ነጥብ ነው። እንይ።” በስተሰሜን መንገድ ነው። በስተደቡብ ማሳ ነው። በስተምዕራብ አጥር አለ፤ ሌላው ሰው ተንጠራርቶ የማያልፈውን አጥር መምህር ጋትሉዋክ ቆመው አሻግረው አዩት።

“ያ ቆርቆሮ ምንድን ነው?”

ሰው ሁሉ ወደ አጥሩ ተጠጋ።

“ሽንት ቤት ነው” አልኩ በመጨረሻ።

“የማን?”

“የኔ።”

ሜትሩ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኮ ገባ። አሥራ አንድ ሜትር። ያን ሽንት ቤት ቦታውን መርጬ ያስቆፈርኩት እኔው ነኝ። የመረጥኩትም ጥላ ስላለው ነው። ከዚያ በኋላ የስንቱን ሰው ሽንት ቤት ስነቅፍ ኖሬአለሁ!

ጋሽ ሰይድ ከሳቃቸው ብዛት መሬት ላይ ተቀመጡ። “አብሽር ልጄ!” አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። “መልሱን እኔ እጽፍልሃለሁ!”

እማማ አሪየት ቀስ ብለው ፊቴ መጥተው ቆሙ። “የኔን ጉድጓድ አየህ። የሰይድን አየህ። የራስህን አላየህም።”

“አላየሁም፣ እማማ። ይቅርታ ያድርጉልኝ” አልኩ። “በአፍ?” አሉኝ።

በአፍ አልሆነም። ነገሩ በስምምነት አለቀ፤ ሁለቱም ሽንት ቤቶች ይደፈናሉ፣ ራቅ ብሎ አዲስ ይቆፈራል፣ ጉድጓዱ ተጠርጎ በክሎሪን ይታጠባል፣ ውኃው እንደገና ይመረመራል። እማማ አሪየት አንድ ነገር ጨመሩ፤ የኔን አዲስ ሽንት ቤት የቀን ሠራተኛ ሳይሆን እኔ ራሴ ልቆፍር። መምህር “ስምምነቱን ማን ይጻፍ?” ሲሉ ሰው ሁሉ በልማድ ወደኔ ዞረ። “እሱ አይጽፍም” አሉ እማማ አሪየት። መምህር ራሳቸው ጻፉት።

ከማስተርሱ ክፍል ቀርቼ ሁለት ቅዳሜና ሁለት እሁድ ቆፈርኩ። የሰፈራችን አፈር በክረምት ዶማውን ይቀበላል እንጂ አይመልስም። ጋሽ ሰይድ የራሳቸውን በሠራተኛ አስቆፍረው ሲጨርሱ እኔን ሊያግዙ መጡ። ወገቤ ድረስ ጉድጓድ ውስጥ ሆኜ፣ ከላይ አፈሩን እየተቀበሉኝ ሳለ፣ “ጋሽ ሰይድ፣ ያን ቀን ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ መሆኔን ልነግርዎት ይገባ ነበር” አልኳቸው።

“ነግረኸኛል እኮ።”

“መቼ?”

“የሳልክ ጊዜ። የጥፋተኛ ሳል አላጣውም፤ ሱቅ የያዝኩት ዛሬ ነው እንዴ?”

“ታዲያ ለምን አስጻፉኝ?”

“ያጠፋው ሰው ቁጭ ብሎ፣ ጥፋቱን እንዲህ ዘርዝሮ የሚጽፍልኝ ከየት አገኛለሁ?” አሉና ባልዲውን መልሰው ላኩልኝ።

ለመረጃ ያህል፣ ሁለቱም የቤት ሥራ ውጤት አግኝቷል። የሕግ መምህሩ “መከላከያው ጠንካራ ነው፤ በባለሙያው ላይ ግን ጨክነሃል” አሉኝ። ለጤናው መምህር የሆነውን ሁሉ ጨምሬ እንደገና ጽፌ ሰጠሁ። እሳቸው “ከብክለቱ ምንጮች አንዱ ተመራማሪው መሆኑ ከርእሱ ጀምሮ ቢገለጽ” ብለው አረሙኝ። ሁለቱንም አልፌአለሁ፤ ሁለቱንም አሁንም እየተማርኩ ነው። ትዕግሥት ራት ታቀርባለች፣ ካልተከራከርኩ።

የውኃው ውጤት የመጣው ክረምቱ ሲያልፍ ነው። ንጹሕ ነው። ወረቀቱን ይዤ እየሮጥኩ ሄድኩ። እማማ አሪየት የጉድጓዱ አጠገብ ቆመው ነበር፤ ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ ሴቶቹም ጀሪካናቸውን ደርድረዋል። ወረቀቱን ዘረጋሁላቸው። አልተቀበሉኝም።

“ወረቀትህ አንዴ እንዲህ ይላል፣ አንዴ እንዲያ ይላል። ሆድ ግን አይዋሽም” አሉ።

ቁልፉን ከአንገታቸው አወለቁ፣ ክዳኑን ከፈቱ፣ ቀዱ። አንድ ጣሳ ሙሉ አድርገው ሰጡኝ። ጠጣሁ። “ጨርስ” አሉ። ጨረስኩ። ከግቢያቸው ማንጎ ዛፍ ሥር ወንበር አኖሩልኝና “ተቀመጥ” አሉኝ።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ነበር። ተቀመጥኩ። ሴቶቹ ከፊት ለፊቴ ጀሪካናቸው ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። በየመሐሉ አንዷ “ቆረጠህ?” ትለኛለች፤ “አልቆረጠኝም” እላለሁ። በውኃ የሚመጣ በሽታ ለመታየት አንዳንዴ ቀናት እንደሚፈጅበት፣ የአንድ ሰው ሆድ ደግሞ በቂ ናሙና እንዳልሆነ ላስረዳ አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ከማውቃቸው ነገሮች መናገር የሌለብኝን መለየት የጀመርኩት በዚያ ወንበር ላይ ይመስለኛል። ከሥራ ስልክ ተደወለ። “የት ነህ?” ሲሉኝ “ምርመራ ላይ ነኝ” አልኩ። መርማሪው ማን እንደሆነ አልጠየቁኝም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሙቀቱ ከቅጠሉ ሥር ገብቶ ልብሴ ላይ ተጣብቋል። እማማ አሪየት መጡ። ጎንበስ ብለው ፊቴን አዩ። በአንድ ጣታቸው ሆዴን ጫን አደረጉት።

“ምንም?”

“ምንም፣ እማማ።”

ወደ ሴቶቹ ዞረው በቋንቋቸው አንዲት ቃል ተናገሩ። ጀሪካኖቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ተነሡ። ሰፈሩ መቅዳት ጀመረ፤ ባልዲው ሲወርድ፣ ውኃው ሲንቦጫረቅ፣ ሴቶቹ ሲሻሙ። እኔ መሄድ ይፈቀድልኝ አይፈቀድልኝ ስላላወቅሁ እዚያው ተቀምጫለሁ። እማማ አሪየት ወረፋውን አልፈው ጣሳውን ሞልተው ተመለሱ።

“ያ ለምርመራ ነው” አሉ እየዘረጉልኝ። “ይሄን ስለጠማህ ጠጣ።”